የልዕልና ፔፐሮሚያና አንድ እፍኝ ደረቅ አሸዋ

የምትሰሙ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የማትሰሙ ቦታ ልቀቁ።

አስካለ የፈለገችው አንድ እፍኝ ደረቅ አሸዋ ብቻ ነበር። የጎረቤቷ ልጅ ትንሿ ልዕልና ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ስትገባ፣ ከአንዲት ቅጠል ያበቀለቻትን ፔፐሮሚያ የምትባል ተክል ኮሪደሩ ላይ ትታ፣ «እትዬ አስካለ፣ አደራ፣ እንዳትሞትብኝ» ብላት ነበር። ነገ ትመለሳለች። ተክሏ ግን ግንዷ እንደ ተቀቀለ ድንች ላልቷል። አስካለ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ብትከት ጭቃ ነው።

«ጉዴ ፈላ» አለች። «እኔ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ነው የማጠጣት። ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?»

ሥሯ በስብሶ ሳያልቅ ወደ ደረቅ አሸዋ መዛወር አለባት። ክረምት ነው፤ ደጁ ሁሉ ረግረግ ነው። ደረቅ አሸዋ ያለው ዘበኛው ጋሽ ደንቡ በሚጠብቀው መጋዘን ውስጥ ብቻ ነው።

«ቁልፉን ለሰው አልሰጥም» አለ ጋሽ ደንቡ። «ራሴ እንዳልሄድ ቦቲዬ ጫማ ሰፊው ጋ ነው። በዚህ ጎርፍ በባዶ እግሬ ገብቼ ቁርጥማቴ ይነሳብኝ?»

አስካለ ወደ ጫማ ሰፊው ሮጠች። «ሙሉነህ፣ ቦቲውን ስፋልኝ። ቦቲ ካልተሰፋ ጋሽ ደንቡ አይወጣም፤ ጋሽ ደንቡ ካልወጣ መጋዘን አይከፈትም፤ መጋዘን ካልተከፈተ አሸዋ የለም፤ አሸዋ ከሌለ ተክሏ ትሞታለች፤ ተክሏ ከሞተች ልዕልናን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«በጣቴ ልስፋው እንዴ፣ እትዬ?» አለ ሙሉነህ። «ወስፌዬን እትዬ ጌጤ ለስፌቷ ወስዳዋለች።»

ወደ ጌጤ ገሰገሰች። «ጌጤ እህቴ፣ ወስፌውን ስጪኝ። ወስፌ ከሌለ ቦቲ አይሰፋም፤ ቦቲ ካልተሰፋ ጋሽ ደንቡ አይወጣም፤ ጋሽ ደንቡ ካልወጣ መጋዘን አይከፈትም፤ መጋዘን ካልተከፈተ አሸዋ የለም፤ አሸዋ ከሌለ ተክሏ ትሞታለች፤ ተክሏ ከሞተች ልዕልናን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«የስፌቱ ሣር ውስጥ ወድቆብኝ ነው» አለች ጌጤ። አስካለ ራሷ ልትፈልግ ጎንበስ ብትል እጇን መታ አደረገቻት። «በየቀለሙ የለየሁትን አታተራምሺብኝ። ከእማሆይ ጋር የምንጋራው መነጽር ዛሬ እሳቸው ጋ ነው፤ እሱን አምጪና እፈልግልሻለሁ።»

አስካለ ወደ እማሆይ በር ሮጠች። «እማሆይ፣ መነጽሩን ይስጡኝ። መነጽር ከሌለ ወስፌ አይገኝም፤ ወስፌ ከሌለ ቦቲ አይሰፋም፤ ቦቲ ካልተሰፋ ጋሽ ደንቡ አይወጣም፤ ጋሽ ደንቡ ካልወጣ መጋዘን አይከፈትም፤ መጋዘን ካልተከፈተ አሸዋ የለም፤ አሸዋ ከሌለ ተክሏ ትሞታለች፤ ተክሏ ከሞተች ልዕልናን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

እማሆይ ወለተ ሐና ዳዊታቸውን ዘጉ። «ከዚያች ተክል አንዲት ቅጠል አምጪና መነጽሩን ውሰጂ። ልዕልና ቃል ገብታልኝ ነበር። ብቻዬን ነኝ፤ መስኮቴ ላይ ሕይወት ያለው ነገር አማረኝ።»

አስካለ ወደ ተክሏ ተመለሰች። የሰው አደራ ላይ፣ ያውም በታመመች ተክል ላይ ምላጭ ላሳርፍ? ግን ምን ታድርግ፤ ደህናዋን ቅጠል ቆርጣ አመጣችላቸው።

«ውሃ እንዳያበዙባት» አለቻቸው።

«ኧረ አላበዛም፣ ልጄ። እናት ተክሏንም ማታ ማታ አንድ ጣሳ ብቻ ነው የማጠጣት። ልጅቷ እስክትመለስ እንዳትጠማ ብዬ።»

«ማታ ማታ?» አለች አስካለ።

ቅጠሏ መነጽሩን አስለቀቀች፤ መነጽሩ ወስፌውን አገኘ። ጌጤ ወስፌውን ስታቀብላት፣ «ከሰዓት ከሰዓት እኮ የማጠጣት እኔ ነኝ» አለች። ወስፌው ቦቲውን ሰፋ። ሙሉነህ ክሩን እየበጠሰ፣ «እኔም ሳልፍ ሳገድም ጠብ አደርግላታለሁ» አለ። ቦቲው ጋሽ ደንቡን አስወጣ፤ ጋሽ ደንቡ መጋዘኑን ከፈተ። አሸዋውን ሲያፍስላት ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ምስኪን ልጅ ናት ብዬ እኔም ለጥበቃ በዞርኩ ቁጥር አጠጣት ነበር» አለ። አስካለ ልትቆጣ ፈልጋ ማንን ትቆጣ? የበሰበሰውን ሥር ቆርጣ ጣለች፤ አሸዋው ተክሏን ያዘ።

በማግስቱ ልዕልና የእናቷን ክንድ ይዛ ደረጃውን ወጣች። አምስቱ ጎረቤቶች ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩለዋል። ተክሏ ሳስታለች፣ ግን ቆማለች። ልጅቷ ቀስ ብላ ተቀመጠችና አሸዋውን ነካች።

«ውይ፣ ደርቃለች። ማን ውሃ ያመጣልኛል?»

አምስቱም እርስ በርስ ተያዩ። ከቦታው የተነቃነቀ አልነበረም።

የኔ ወሬ እዚህ አለቀ፤ እናንተም ጣሳችሁን አስቀምጡ።