የትርሲት ቡድንና አልነሳ ያለው ጀልባ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ቶሎ የሚሰለቸውም ይቅረብ፤ ይህ ተረት ራሱ አንድ ቦታ የሚቀመጥ አይደለም።

ትርሲት የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ትምህርት ቤቷ የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ለሳይንስ ጉብኝት ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ሲወስድ አማካሪ ተማሪ አድርጎ መረጣት፤ ሦስት ልጆች ተሰጧት፣ ታላቃቸው ሆነች። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የሦስቱን ቦርሳ አራት ጊዜ ፈተሸች። አውቶቡስ ውስጥ ሥራ አደለች፤ ያኔት የቴርሞሜትሩን ገመድ ትይዛለች፣ ሶስና ሙቀት ትለካለች፣ ኤቢሳ ይጽፋል። "ማንም የሰው ሥራ እንዳይነካ" አለች። ትልቅ ቁም ነገር የተናገረች መስሏት ነበር።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆቿ በጀልባ ሐይቁ መሃል ደርሰው የውሃውን ሙቀት እንዲለኩ። ሦስቱም ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። አምስት ሰዓት ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ነፋስ ከተነሳ ጀልባ የለም። ሌሎቹ ቡድኖች ሄደው ተመልሰዋል። አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ትርሲት መቆሚያ መቀመጫ አጣች።

ወደ ጀልባ ነጂው ሮጠች። "ጋሽ ቱፋ፣ ሞተሩን ያስነሱልን።"

"ያለ ተንሳፋፊ ጃኬት አላስነሳም ልጄ። ውሃ ነው ይሄ።"

ወደ ዕቃ ቤት ጠባቂዋ ሮጠች። "እትዬ ዘይነባ፣ ጃኬት ይስጡን። ጋሽ ቱፋ ያለ ጃኬት ሞተር አላስነሳም አሉ።"

"መምህራችሁ ሳይፈርሙ አንድም ጃኬት ከዚህ አይወጣም።"

ወደ መምህር ይልቃል ሮጠች። "ቲቸር፣ ይፈርሙልን። እትዬ ዘይነባ ያለ ፊርማ ጃኬት አልሰጥም አሉ፣ ጋሽ ቱፋ ያለ ጃኬት ሞተር አላስነሳም አሉ።"

"የዳሩ ውሃ ሙቀት ያልተጻፈበት ቅጽ ላይ አልፈርምም" አሉ መምህር ይልቃል። "ዳሩን ሳትለኩ መሃሉን ከምን ጋር ልታወዳድሩት ነው?" ትክክል ነበሩ፤ ትርሲትን ያናደዳትም እሱ ነው።

ኤቢሳ ግራር ሥር ቁጭ ብሎ እስክሪብቶ ያኝካል። "ጻፍ እንጂ፣ ኤቢሳ። ቲቸር ካልተጻፈ አልፈርምም አሉ፣ እትዬ ዘይነባ ያለ ፊርማ ጃኬት አልሰጥም አሉ፣ ጋሽ ቱፋ ያለ ጃኬት ሞተር አላስነሳም አሉ።"

"ምን ብዬ ልጻፍ? ሶስና ቁጥሩን አልነገረችኝም። ከራሴ ፈጥሬ ልጻፍ?"

"እንዳትሞክረው" አለችና ቁና ቁና እየተነፈሰች ወደ ውሃው ዳር ወረደች። "ሶስና፣ ለኪ። ኤቢሳ ያለ ቁጥር አልጽፍም አለ፣ ቲቸር ካልተጻፈ አልፈርምም አሉ፣ እትዬ ዘይነባ ያለ ፊርማ ጃኬት አልሰጥም አሉ፣ ጋሽ ቱፋ ያለ ጃኬት ሞተር አላስነሳም አሉ።"

"ገመድ ያዥ ከሌለ ቴርሞሜትሩ ይሰምጥብኛል። ያዧ ደግሞ ያኔት ናት።"

"እኔ ልያዝልሽ።"

"የሰው ሥራ አይነካም ብለሻል እኮ።"

ትርሲት ወደ አውቶቡሱ ሮጠች። ያኔት ከሁሉም ታንሳለች፤ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ምሳ ዕቃዋን ታቅፋለች። "ያኔትዬ፣ ተነሽ። ሶስና ያለ ገመድ ያዥ አልለካም አለች፣ ኤቢሳ ያለ ቁጥር አልጽፍም አለ፣ ቲቸር ካልተጻፈ አልፈርምም አሉ፣ እትዬ ዘይነባ ያለ ፊርማ ጃኬት አልሰጥም አሉ፣ ጋሽ ቱፋ ያለ ጃኬት ሞተር አላስነሳም አሉ።"

"መነሳት አቃተኝ። ርቦኛል።"

"ታዲያ ብይ። ፍርፍርሽ እኮ አልተነካም።"

"እማዬ ታላቅሽ ሳይጀምር እንዳትጀምሪ ብላኛለች። ታላቄ አንቺ ነሽ። እስክትቀመጪ እየጠበቅኩሽ ነው፤ አንቺ ግን አትቀመጪም።"

ትርሲት አፈረች። ቦርሳውን አራት ጊዜ ፈትሻ ልጅቷ መብላቷን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችም። ሐይቁን አየች፤ ሰዓቷን አየች፤ እግሯ እንደገና ሩጪ ሩጪ አላት። ተቀመጠች። ያኔት ፍርፍሩን ጠቅልላ አጎረሰቻት።

ትርሲት ጎረሰችና ያኔት በላች፤ ያኔት በላችና ገመዱን ያዘች፤ ገመዱ ተያዘና ሶስና ለካች፤ ሶስና ለካችና ኤቢሳ ጻፈ፤ ኤቢሳ ጻፈና ቲቸር ፈረሙ፤ ቲቸር ፈረሙና እትዬ ዘይነባ ጃኬት ሰጡ፤ ጃኬቱ ተለበሰና ጋሽ ቱፋ ሞተሩን አስነሱ። ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ጀልባው ከዳር ለቀቀ።

መሃል ሲደርሱ ጋሽ ቱፋ ሞተሩን አጠፉ። ልጆቹ ዞር ሲሉ ትርሲት ጃኬቷ ውስጥ ተኮራምታ፣ አፏን ከፍታ፣ እንቅልፍ ወስዷታል።

"እንቀስቅሳት?" አለ ኤቢሳ።

"ተዋት" አለች ያኔት።

ገመዱ ቀስ ብሎ ወረደ። ሶስና ቁጥሩን በሹክሹክታ አነበበች፤ ኤቢሳም ጻፈ። ነፋሱ ገና አልተነሳም ነበር። ጋሽ ቱፋ እጃቸውን ወደ ሞተሩ ሰደዱና የተኛችውን ትርሲትን አይተው መለሱት፤ መቅዘፊያውን አነሱ።

እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ እዚህ ላይ ላቁም፤ እንዳትነቃ።