ያለ ጥይት ያለቀው ከበባ

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጡረተኛው ፖሊስ ሻምበል ወንድይራድ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ወደሚቀረጽበት ሰፈር ተጠሩ። ድራማው በጉብዝናቸው ወራት የመሩትን ከበባ የሚተርክ ነበር፤ ደመላሽ የተባለ ገበሬ በድንበር ክርክር ተረትቶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ወፍጮ ቤት ገብቶ፣ «የቀረበኝን አልምርም» ያለበትን። አዘጋጁ ኢዮስያስ ሻምበልን ያስጠራቸው «ባለታሪኩ መርቀውታል» ለማሰኘት እንጂ ምክር ፈልጎ አልነበረም።

ሻምበል ወንበር ቀርቦላቸው የመጨረሻውን ክፍል ልምምድ ተመለከቱ። ፈንጂ ፈነዳ፤ የወፍጮ ቤቱ ጣራ ተነሣ፤ እሳቸውን ሆኖ የሚጫወተው ጎረምሳ በመስኮት ዘሎ ገባና ደመላሽን በጥይት ደብድቦ ጣለው። በጎረምሳው ቁመት ደስ ቢሰኙም ሬሳው አላማራቸውም። ደመላሽ ዛሬም በሕይወት አለ። ከእስር ሲፈታ የሻምበልን ልጅ ክርስትና አንሥቷል፤ ድራማው የሚተላለፍ ዕለትም ከነልጅ ልጆቹ እሳቸው ቤት ሆኖ ሊያይ ቀጠሮ ይዟል። በቴሌቪዥን የገደሉትን አበልጅ በምን እጃቸው ያጎርሱታል?

ስለዚህ እውነቱን ነገሩት። አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም። እሳቸው ከበሩ ፊት ቆመው «በሕግ አምላክ!» አሉ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተነገረው ሰው ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ድረስ ንቅንቅ አይልም ነበርና፣ ደመላሽ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ዱቄት እንደለበሰ ወጣ።

ኢዮስያስ ሣቀ። ስንት መጽሐፍ እንዳገላበጠ፣ ከበባ በባሕር ማዶ እንዴት እንደሚቀረጽ፣ ታሪክም ከባለታሪኩ ይልቅ ለተመራማሪው እንደሚገለጥ አስረዳቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ሻምበል፣ በሁለት ቃል ተገትሮ የሚቀር ሰው የለም። ተመልካች ይስቅብናል።»

«ደመላሽ ግን ቆመ።»

«የእኔ ደመላሽ አይቆምም» አለና ፊቱን አዙሮ፣ ፈንጂው ይደገም እያለ ወደ ካሜራው ገሠገሠ።

ሻምበል ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የደንብ ልብሳቸውን ካወለቁ ወዲህ ያልነኩትን ድምፅ ከሆዳቸው አወጡት።

«በሕግ አምላክ!»

የኢዮስያስ አንድ እግር መሬት ሳይነካ ቀረ። ካሜራ ያዡ ቆመ፤ ሻይ የምታድለው ልጅ ከነትሪዋ ቆመች፤ ሞቶ የነበረው ደመላሽ እንኳ አቧራውን ሊያራግፍ ሲነሣ ወገቡ እንደታጠፈ ደረቀ።

ሻምበል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዙሪያውን ቀስ ብለው ዞረው ከአዘጋጁ ፊት መጡ።

«ሂድ እንጂ ልጄ፣ ምን ያዘህ? ተመልካች ይስቅብሃል።»

ድራማው በተላለፈበት ዕለት ደመላሽ ከአበልጁ እጅ እየጎረሰ፣ ራሱን በቴሌቪዥን ዱቄት ለብሶ ከወፍጮ ቤቱ ሲወጣ አየ፤ ቅር ያሰኘው ነገር ቢኖር ተዋናዩ የእሱን ያህል መልከ መልካም አለመሆኑ ብቻ ነበር።