የአህይት ጥሩንባ

ተረት ተረት፣ ጎረቤት የተጠራበት። በአንድ የእንስሳት ሰፈር ቆሻሻ ቱቦውን ደፍኖ፣ ክምሩ ጨረቃን ያስነጥሳት ነበር። ክረምት ሲገባ ጎርፉ መጀመሪያ የሚወስደው የእሜት አህይትን ቤት ነው፤ «እናጽዳ» ብትል ግን ሰሚ አጣች። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ እሷ ናትና አንድ ማለዳ ጥሩንባዋን ነፋችው። ሰፈርተኛው መቃብር ሊቆፍር አካፋና ዶማውን ይዞ ከተፍ አለ።

«ማን ሞተ?» አለ ውሻ።

«ሰፈራችን። ገና ትንፋሽ አለውና፣ አካፋ ከያዛችሁ አይቀር ቱቦውን ዛቁ።»

«ይቺ ተንኮለኛ» አለች ፍየል፤ ዶማ ተሸክሞ መመለሱ ግን አሳፈራትና መቆፈር ጀመረች፤ ሌላውም ተከተላት።

ቱቦው ሲከፈት ሆዳሙ ጅብ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ደረሰ። «ሬሳው የታለ?»

አህይት የሚንደረደረውን ውሃ አሳየችው። «ተነስቶ ሄደ፣ አያ ጅቦ። በል ነጠላህን አስቀምጥና ዛቅ፤ ያ ጥግ ቀርቶናል።»