እየተንቀጠቀጠ የተሰመረ ቀጥታ መስመር

አንድ ዘርጋው የሚባሉ የሥዕል መምህር ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለሁለተኛ ክፍል ልጆች መስመር፣ ቅርጽና ቀለም አስተምረዋል። ያው ሰሌዳ፣ ያው ጠመኔ፣ በየዓመቱ አዲስ ስልሳ ልጅ። እውነቱን ለመናገር ደክሟቸዋል። ሰው ክብ ምን እንደሆነ ስንት ጊዜ ያስረዳል?

ድካሙ ሳያንስ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለማንም አልተናገሩም። ከክፍል ያስወጡኛል ብለው ፈሩ፤ ቢሰለቹም ከነዚያ ልጆች ሌላ ማንም አልነበራቸውም። ስለዚህ ለክፍሉ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ቀኙን በግራ እጃቸው ደግፈው መሳል ለመዱ።

አንድ ሰኞ ሰሌዳው ላይ አሰመሩና "ይህ ቀጥታ መስመር ነው፤ ገልብጡ" አሉ።

ልጆቹ ገለበጡ። ሰሌዳ ላይ የሰፈረ ነገር አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም፤ እንዲያ አድርገን ነው ያሳደግናቸው።

መምህሩ ሊያርሙ ሲዞሩ የመጀመሪያው ደብተር ላይ የተንቀጠቀጠ መስመር አዩ። የልጁ እጅ ነው ብለው አለፉ። ሁለተኛውም እንዲሁ ነው። ሦስተኛውም። ስልሳው ልጅ የእሳቸውን እያንዳንዷን ጉብታ አንድ ሳያስቀር ገልብጧል።

ስንዱ የምትባለው ልጅ ደብተር ደግሞ በላጲስ ብዛት ሊቀደድ ደርሷል።

"ምነው ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ያጠፋሽው?"

"ቲቸር፣ መጀመሪያ በማስመሪያ ሠርቼው ነበር። ልጆቹ እንደ ሰሌዳው አይደለም ብለው ሳቁብኝ። ከዛ እጄን እያንቀጠቀጥኩ ሠራሁት። አሁን ልክ ነው?"

መምህሩ ልክ ነው ቢሉ ምስጢራቸው ተሸፍኖ ይቀራል፤ ልጅቷ ግን ጠማማውን ቀጥ ያለ ነው ብላ ታድጋለች። አይደለም ቢሉ ለምን ማለቷ አይቀርም። ልጅ መቼ ዝም ይላል!

ከጎኗ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ልክ የነበረው የመጀመሪያው ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እጄ ታሟል፤ አልታዘዝ ብሎኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"አፈርኩ፣ ልጄ።"

ጠመኔውን ሰጧት። ስንዱ ማስመሪያዋን ይዛ ወጣችና ቁመቷ እስከደረሰበት አሰመረች። ሌሎቹም የራሳቸውን አጥፍተው እንደገና ሠሩ።

ስልሳ ልጅ ምስጢር አይጠብቅም። ወሬው በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ደረሰና መምህር ዘርጋው ጡረታ እንዲወጡ ተነገራቸው። የፈሩት አልቀረላቸውም። ያን ቀን ወደ ቤታቸው የሄዱት እያዘኑ ነው፤ ደስ አላቸው ብል እዋሻለሁ።

ወገኖቼ፣ የደበቅነው ድካም አይጠፋም። የሚያምነን ልጅ ልክ ነው ብሎ ይወርሰዋል፤ ልክ የሆነውንም ለእኛ ሲል ያጠፋል። ይህን ለማስቆም አንዳንዴ ወንበራችንን መልቀቅ ያስከፍለናል። ለመሆኑ በእኛ ቤት፣ እኛን ለመምሰል ደህናውን እጁን የሚያንቀጠቅጥ ልጅ ስንት ይሆን?