ስለ ዋልያ ግልገል የተቀመጠው አውጫጭኝ

አንድ ጊዜ፣ ደመና ከእግር በታች በሚውልበት ደጋ፣ የዋልያ ዘር እያለቀ ሄዶ አንዲት እናትና መንታ ግልገሎቿ ብቻ ቀሩ። ከመንታዎቹ አንዷ ከገደሉ ግርጌ ውኃ ልትጠጣ እንደወረደች አልተመለሰችም። የተገኘው ቀንድ ያልበቀለበት ጭንቅላቷ ነው።

እናቲቱ ከገደሉ ጫፍ ቆማ ወደ ንጉሡ ወደ አንበሳ ጮኸች። «አያ አንበሶ! ልጄን የበላ ይውጣልኝ! የቀረኝ አንድ ነው!»

አንበሳ አዘነ። ማዘን ያውቅበት ነበር። ጎፈሩን ነስንሶ «አውጫጭኝ ይቀመጥ!» ሲል አዘዘ።

አውጫጭኝ የአባቶች ሥርዓት ነው። ጥፋት ሲፈጸም የአገሩ ፍጥረት በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስም ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ጥፋተኛውም አብሮ ስለሚቀመጥ አይጠፋም። ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ከየት ይመጣል?

«እኔ እዚሁ ገደሌ ላይ ሆኜ ልከታተል» አለች ዋልያ። «ድምፄ እንደሆን ይደርሳል።»

ሕግ አዋቂዋ ቀበሮ ሳቀች። «አይ እመት ዋልያ! ከሳሽ ገደል ላይ ተንጠልጥላ ዳኛው አንጋጦ ይፍረድ? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ትውረድ!» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ግልገሉንም ይዛ ትውረድ እንጂ! ብቻውን ቢቀር ማን ይጠብቀዋል?»

የጅቦ አዛኝነት ሁሉንም አስደነቀ። ዋልያም ሕግ አክባሪ ነበረችና ልጇን አስከትላ ወረደች።

ሸንጎ ያለ አጥር አያምርም ተባለ። በተራራው ላይ የቀረችው የአስታ ጥሻ ግልገሎች ከብርድና ከጠላት የሚሸሸጉባት ነበረች፤ እሷ ተሰባብራ አጥር ሆነች። የመጨረሻዎቹ ጅባራዎችም ተነቅለው ለአንበሳ ተነጠፉ። የዋልያን ዘር ለማዳን ከሆነ ለቅጠል ማን ይሳሳል?

መሐላ ተጀመረ። ጅቦ ወደ መሐል ወጣ።

«ያችን ጥርስ ላይ እንደ ቅቤ የምትቀልጥ ግልገል በልቼ እንደሆነ፣ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ!»

«መቅለጧን በምን አወቅህ?» አለ አንበሳ።

ቀበሮ የጅቦን ትራፊ እየለቀመች የምታድር ናትና ፈጥና ተነሣች። «ጌታዬ፣ ግምቱን ነው የተናገረው። በግምቱ የተቀጣ ማን አለ?»

«ማንም የለም» አለ አንበሳ። «ግምቱም መልካም ግምት ነው።»

አህያ ከጥግ ሆና ጆሮዋን ታወዛውዝ ነበር። ጅቦ አፉ ደም በደም ሆኖ ከገደሉ ግርጌ ሲወጣ በዐይኗ በብረቱ አይታዋለች።

«እኔ እንኳ አንድ ነገር…» ብላ ጀመረች።

«እመት አህዩት» አለ ጅቦ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይኼ ጣጣ ሲያልቅ ውርንጭላሽን የምታሰማሪው በየት በኩል ነው?»

«…አንድ ነገር ልበል ብዬ ነው፤ ብርዱ በረታ» አለች አህያ።

«እውነት ነው፣ በረታ!» አለ ሸንጎው በአንድ ድምፅ።

በዚህ መካከል ጉም ወረደ። ጎረቤት ጎረቤቱን ማየት አቃተው። ጉሙ ሲገለጥ ዋልያ ብቻዋን ቆማ ነበር።

«ልጄስ? ልጄ የታለ?» ዞረች፤ ጅቦን አየችው፤ ጢሙ ላይ ጠጉር ተጣብቋል። «ያውና! ጢሙን እዩት! ኧረ ጢሙን እዩልኝ!»

«ቀስ በይ፣ እመት ዋልያ» አለች ቀበሮ። «ይኼ ሌላ ክስ ነው። የፊተኛው ሳያልቅ የኋለኛው አይሰማም።»

«ልጄን እኮ ነው የምልሽ!»

«እኔስ ሕጉን አይደል የምልሽ?»

አንበሳ አሁንም አዘነ። ዋልያ ወደ ገደሏ ልትሮጥ ዞረች። የአስታው አጥር ግን ጠንካራ ነበር። በሩን እንዲጠብቅ የተሾመውም፣ ርኅሩኅ ነው ተብሎ፣ ጅቦ ነው።

ጉሙ እንደገና ወረደ።

ሲገለጥ አንበሳ «ከሳሽ ትቅረብ!» አለ። የቀረበ የለም። ደግሞ ተጠራች። የለችም።

«ከሳሽ የሌለው ክስ ፈራሽ ነው» አለች ቀበሮ ከንፈሯን እየላሰች።

«እንግዲያው አገር ሰላም ነው!» ሲል አንበሳ ፈረደ። ፍጥረቱም ስለ ፍትሑ አመስግኖ ለመሄድ ተነሣ።

ጅቦ ግን ሆዱ ከብዶት ከተጋደመበት ንቅንቅ አላለም። «እኔ የምለው» አለ እያገሳ፣ «የሚቀጥለው አውጫጭኝ መቼ ነው?»

ሁሉም ዞር ዞር እያለ የየራሱን ልጅ ፈለገ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሊጠፋ የተቃረበን ፍጥረት ለመጠበቅ የሚቀመጥ ሸንጎ ፍጥረቱ ሳያልቅ ቢፈርድ መልካም መሆኑን ነው።