ባላባቱ ያላንኳኳው እንስራ

ቅረቡ ልጆች፤ ተረቴ ከሩቅ ዘመን ነው የመጣው። ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ድሮ ድሮ ደምለው የሚባል ባላባት ነበረ። መሬቱ ሰፊ፣ ጎተራው ሙሉ፣ ጣቱ ለስላሳ። አንድ ቀን ተነሣና «ውብ ነገር የሚገባው ውበት ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ገበሬ ሲነካው ይረክሳል» አለ። ትልቅ አዳራሽ አሠራ። በሩ ላይ ዘበኛ አቆመ። «ማየት እንጂ መንካት ክልክል ነው!» ብሎ አወጀ።

ከዚያ ሎሌዎቹን በየቤቱ ላከ። ከአንድ አራሽ በእጁ ወዝ የለሰለሰ እርፉን ወሰዱ፤ ሰውየው ባልተላገ እንጨት እያረሰ መዳፉ ተላጠ። ከአንዲት እናት ዛጎል ያለበት አንቀልባዋን ወሰዱ፤ ልጇን በአሮጌ ነጠላ አዘለች። ከሸክላ ሠሪዋ ከአንጓች እንስራዋን ወሰዱ። አገሩ በሙሉ በየቤቱ አጉረመረመ፤ ደጅ ወጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም።

አንጓችን ሰው «ቡዳ ናት» እያለ ሰላምታ ይነፍጋት ነበር። በሠራችው ድስት ወጥ ይሠራል፣ በሠራችው ጋን ጠላ ይጠምቃል፤ ሲያገኛት ፊቱን ያዞራል። አይ የሰው ነገር!

ዓይነ ስውር እናቷ ከዚያ በወይራ ከታጠነ እንስራ በቀር ከሌላ አትጠጣም ነበር። አንጓች በቅል ውሃ ብትሰጣት ጎንጨት አድርጋ መለሰችው።

«ይህ ውሃ አይደለም፤ እርጥብ ነገር ነው። የእንስራዬ ውሃ ሲቀዳ ድምፁ፣ ሲቀርብ ሽታው፣ ሲጠጣ ቅዝቃዜው ያረካኝ ነበር።»

«እማዬ፣ ባላባቱ ወስዶታል።»

«ይጠጣበታል?»

«የለም፣ ያየዋል።»

«ይዳስሰዋል?»

«የለም፣ ያየዋል።»

አሮጊቷ ሳቀች። «ምስኪን! ዓይን ብቻ ነው እንዴ ያለው? እኔስ የሚጎድለኝ አንድ ነው።»

ሳቋ ግን ጥሟን አልቆረጠላትም። ከንፈሯን ከማርጠብ በቀር አልጠጣም አለች። በሦስተኛው ቀን ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

አንጓች ሦስት እንስራ በአህያ ጭና ባላባቱ ደጅ ቆመች። አንዱ አንገተ ጠማማ፣ አንዱ ጥላሸት የለበሰ፣ አንዱ ቀይ ሆኖ እንደ መስተዋት የሚያበራ። ገበያተኛው ሁሉ ተከትሎ መጣ።

«ጌታዬ፣ ከሦስቱ ውቡ የቱ ነው? ዳኛው ውሃ ይሁን። ካወቁ እስክሞት ለአዳራሽዎ በነፃ እሠራለሁ። ከሳቱ የሁላችንንም ዕቃ ይመልሱ።»

ደምለው በሕዝብ ፊት እምቢ ማለት አፈረ። «ይሁን! ብከዳ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!»

«እንግዲያው በጣትዎ ያንኳኩት፤ ገበያ ላይ ሁሉም እንዲያ ነው የሚገዛው።»

«እኔ ገበያተኛ ነኝ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ያንኳኩት፣ ጌታዬ።»

«ውበት በዓይን ነው የሚለየው፣ አንቺ ጭቃ ለዋሽ!»

«ለሦስተኛ ጊዜ እለምንዎታለሁ፤ ያንኳኩት።»

«ዝም በይ! ቀዩ ነው!»

አንጓች ቀዩን እንስራ ውሃ ሞላችበት። ባላባቱን ሁልጊዜ የሚያሞግሱት ሦስት አጫፋሪዎቹ ለምስጋና ተነሡ። አንደኛው «አንገቱ የሚዳቋ ነው» አለ። ሁለተኛው «የለም፣ የሙሽራ ነው» አለ። ሦስተኛው አንድም ነገር ሳይል ረጅም ሰዓት ተናገረ። ምስጋናው ሲረዝም ውሃው ሥራውን ሠራ። እንስራው እሳት ያልነካው ጥሬ ሸክላ ነበር። አንጓች ቀይ አፈር ቀብታ፣ በወንዝ ጠጠር አሽታ ነው ያሳመረችው። የተተኮሰ ሸክላ ሲያንኳኩት «ቅጭል» ይላል፤ ያ ግን ቢያንኳኩት «ድም» ነበር የሚለው።

ደምለው «እነሆ ውበት!» ብሎ አቅፎ አነሣው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እንስራ ነካ። የእንስራው ቂጥ ተዘረገፈ፤ ጭቃው በካባው፣ በሱሪው፣ በጫማው ወረደ። አጫፋሪዎቹ ቀድመው ሳቁ።

መሐላ ነውና በሩ ተከፈተ። አራሹ እርፉን፣ እናትየዋ አንቀልባዋን፣ አንጓች እንስራዋን አገኙ። የገበያው ሴቶች አንጓችን ከበቧት።

«አንቺ ጎበዝ! እኛ እኮ ጥሬ መሆኑን ገና ስናየው አውቀናል!»

አንጓች ቀና ብላ አየቻቸው። «እሱስ አያውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ። ዕቃችሁ ሲወሰድ ዝም፤ እኔ ስሰደብ ዝም። ታዲያ ማወቃችሁ ለማን በጀ?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ የእኔ ቅድመ አያት ነበረች ይባላል። ዝምታዋን ከነቤቷ ወርሼዋለሁና እዚህ ላይ ስደርስ አልስቅም።

አንጓች እንስራዋን ከምንጭ ሞልታ ቤቷ ገባች። ውሃው ገና ሲቀዳ እናቷ ድምፁን ሰማች።

«መጣህ?» አለችው እንስራውን፤ ጠጣችም።

«ሳያንኳኩ ማድነቅ፣ በጭቃ መጠመቅ» የሚባለው ከዚያ ወዲህ ነው። በሉ፣ ተረቴን ውሰዱት፤ ከማድነቃችሁ በፊት ግን አንኳኩት።