ዳማው ፈረስና ወሬኛዋ አህያ

ድሮ ነው አሉ። እኔም አልነበርኩም፣ እናንተም አልነበራችሁም፤ ግን ያየ ጎረቤት የት ይጠፋል! በአንድ አገር ዝናብ ጠፋና ከተራራው ግርጌ ያለችው ምንጭ ብቻ ቀረች። የቤት እንስሳት «እኛ እንቅደም» ሲሉ፣ የዱር እንስሳት «እኛ እንቅደም» ሲሉ፣ ጥጃውም ግልገሉም በጥም ሊያልቅ ደረሰ። በመጨረሻ ነጭ ካባ የለበሰው ጉሬዛ ዳኛ ሆኖ ተሰየመና፣ «አንድ አንድ ሯጭ ምረጡ። ተራራውን ዞሮ ቀድሞ የገባ፣ ወገኖቹ እስከ ክረምት ቀድመው ይጠጣሉ» ብሎ ፈረደ። ሩጫው ለወር ተቀጠረ።

የቤቶቹ ዳማውን ፈረስ መረጡ። የዱሮቹ ቆርኬን፣ ያንን ፊቱ እንደ ዘነዘና የረዘመውን።

ዳማው ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት ጠላ። ጠዋት ይሮጣል፣ ቀትር ይሮጣል፣ ማታ ይሮጣል። ቆርኬ ደግሞ በየማለዳው ከቁጥቋጦው ብቅ ይልና፣

«አንተ ሰነፍ! ገና አንዴ ነው የዞርከው? እኔ ሦስቴ ዞሬ መምጣቴ ነው!» ይለዋል።

ዳማው እልህ ይዞት አራቴ ይዞራል። በማግስቱ ቆርኬ «እኔ አምስቴ!» ይላል፤ ዳማው ስድስቴ።

ጎረቤቱ አህያ ናት። እሷ ጭነቷ ሲወርድላት አመድ ላይ ትንከባለላለች፣ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ። ከዚያ ጆሮዋን አራግፋ መተኛት ነው። ዳማው ይስቅባታል።

«እትዬ አህያ፣ ዛሬም አመድ ልትታጠቢ ነው?»

«በሬ እንኳ ቀትር ላይ ከቀንበር ይፈታል። አንተን ማን ፈርዶብህ ነው?»

ለሩጫው አሥራ አምስት ቀን ሲቀር ዳማው ከሜዳው ጠፋ። የአህያ ዓይን ምን ይስታል! ገለባ ክምር ውስጥ እስከ ጉልበቱ ተቀብሮ ቆሞ አገኘችው።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ምንም። ገለባ ይሞቀኛል ብዬ።»

«በዚህ ሐሩር? ውጣ እስቲ!»

ቢወጣ ጉልበቱ ቅል አክሏል።

«እትዬ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ገብሱም አልዋጥ አለኝ። ግን ቆርኬ እየሮጠ እኔ ብተኛ፣ ጥጆቹ በእኔ ምክንያት ይለቁ?»

አህያ በማግስቱ ዱር ወርዳ ያንን ቁጥቋጦ ገለጥ ብታደርገው፣ ቆርኬ ጥላ ሥር ተጋድሞ ያመነዥካል! ሣሩ በጎኑ ልክ ተደልድሏል። ለካ ማለዳ ተነሥቶ ፈረሱን ይሰድብና ተመልሶ ቀኑን ሙሉ ይተኛል! ስሙ እንግዲህ።

«እንዴት ዋሉ፣ ጌታው ቆርኬ? እኔማ ያ ፈረሳችን አስፈርቶኝ መጣሁ። ዛሬ አሥር ጊዜ ዞረ።»

ቆርኬ ማመንዠኩን አቆመ። «አሥር? እኔ እኮ አላየሁትም!»

«እንዴት ይዩት! እሱ ያለው ከተራራው ወዲያ ነዋ። እኔ ምን አገባኝ፣ የሰማሁትን ነው።»

ቤት ስትገባ ዳማውን፣ «ተኛ! ያ ቆርኬ ተኝቶ ነው የሚሰድብህ» አለችው። ዳማው ተኛ። ገብሱ መዋጥ ጀመረ፣ የጉልበቱም እብጠት ጎደለ። ያኔ በሁለት ቀን አንዴ ሶምሶማ ትፈቅድለታለች፤ ላብ ሲለው «በቃ፣ ግባ!» ነው። ሙሉ ቀን መተኛት ሲያምረው ደግሞ «ተነሥ፣ አልጋ አይደለህም!» ትለዋለች።

ወደ ዱርም መውረዱን አልተወችም። «ዛሬ አሥራ ሁለት ዞረ» ስትል ቆርኬ ተነሥቶ አሥራ ሦስት ይዞራል። ፈረሱን ቢፈልግ ቢፈልግ የለም። «ከተራራው ወዲያ ነው፣ እርስዎ በዚህ ሲዞሩ እሱ በዚያ ነው!» ሃያ ደረሱ፣ አይገርማችሁም? ቆርኬ ሣር መጋጥ ረሳ፣ የጎኑ አጥንት ተቆጠረ።

ቀኑ ደረሰ። ጉሬዛ «ሂዱ!» ሲል ቆርኬ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተፈተለከ። ከተራራው ጀርባ ሲደርሱ ግን እግሩ ተሳሰረ። «እስቲ ጥቂት ጋደም ልበል» አለና ጋደም አለ። ዳማው በጎኑ አልፎ ብቻውን ገባ። ጥጆቹ ወደ ምንጩ ሲጎርፉ ላሞቹ በደስታ እምቧ አሉ።

ቆርኬ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እያነከሰ ደረሰ።

«ይኼን ፈረስ ግን ምን አብልታችሁት ነው?»

«እንቅልፍ» አለችው አህያ።

እኔ የሰማሁት ይኼን ነው፤ ውሸት ከሆነ ኃጢአቱ በአህያዋ ይሁን።

ሮጦ ያላረፈ፣ ሳይሮጥ ተሸነፈ።